ለሕያው የተደገሰ ተዝካር

ተስፋው ለሁለተኛ ጊዜ የሞተው በኅዳር 2002 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው ሞቱ በወሬ ነበር፤ መርዶ ተነግሮ፣ ተለቅሶ፣ ተዝካሩም ተበልቶ አልፏል። የአሁኑ ግን የእውነት ነበር። ከጋዝጊብላ ወደ ሰቆጣ ገበያ የሚወርዱ ሰዎች ጀንበር ስትወጣ ከመንገዱ በታች ባለው ገደል ሥር ተደፍቶ አገኙት።

ረዳት ኢንስፔክተር ለተጊዮርጊስ ድንጋዩን እየያዘች ወረደች። ሬሳው አጠገብ ቁጢጥ ብላ ብዙ ቆየች። የሟቹ መዳፍ አልተላጠም። የራስ ቅሉ ግን ከኋላ ተሰንጥቋል።

«ወድቆ አይደለም» አለች ቀና ብላ። «የሚወድቅ ሰው እጁን ይዘረጋል። ይህ ሰው መንገዱ ላይ ተመትቶ ከሞተ በኋላ ነው የተገፋው። የመታውም ከኋላው ሆኖ ነው። ጀርባውን ሰጥቶት ነበር።»

የከተማው ፖሊስ አዛዥ ኮማንደር ዘበነ ከቁጥቋጦ ውስጥ አንድ የወይራ ዱላ ጎትቶ አወጣ። አናቱ ላይ የመዳብ ቀለበት አለው፤ ቀለበቱ ላይ ደም ደርቋል።

«ለቴ፣ ድካሙን ተይው» አላት። «ይህችን ዱላ ሰቆጣ ውስጥ የማያውቃት የለም። የካሤ ናት።»

ካሤ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ነው። ሚስቱ መሰረት ትባላለች። መሰረት ደግሞ ከካሤ በፊት የተስፋው ሚስት ነበረች። ከገደሉ አፋፍ ላይ የቆመው ሰው ይህን ስለሚያውቅ፣ ዱላው ሲወጣ አንድም ሰው አልተገረመም።

ነገሩ የጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ተስፋው በልጅነቱ ከጎረቤት ወረዳ ከዝቋላ በድርቅ ተሰዶ ሰቆጣ ያደገ፣ ታላቅ ወንድሙ ጓንጉል አባትም እናትም ሆኖ ያሳደገው ሰው ነበር። ካገባ በኋላ ሥራ ፍለጋ ጅቡቲ ወረደና በአንድ የጭነት መርከብ ላይ ወጥ ሠሪ ሆኖ ተቀጠረ። ያን መርከብ በሶማሊያ ባሕር ላይ ወንበዴዎች ያዙት። ወሬው በዓለምነህ ሱቅ ስልክ በኩል ደረሰ። ወንበዴዎቹ ለተስፋው ማስለቀቂያ ጠይቀዋል ተባለ። ባሕር አይቶ የማያውቅ ሕዝብ፣ ከዝቋላ እስከ ፃግብጂ ድረስ፣ ፍየሉን እየነዳ፣ ማሩን እየተሸከመ መጣ። ለተጊዮርጊስም የእናቷን የብር መስቀል ከአንገቷ ፈትታ ሰጠች።

ከወራት በኋላ ግን «አልደረሰለትም፤ ሞተ» የሚል መርዶ መጣ። ጓንጉል ተዝካሩን ሲደግስ ዐይኑ በለቅሶ አብጦ ነበር። ለተጊዮርጊስ በዚያው ሰሞን ወንድ ልጅ ወለደች። ወንድሙን ያጣ ሰው በልጅ ይጽናና ብላ ክርስትና እንዲያነሣላት ጓንጉልን ለመነችው። ከዚያ ወዲህ አበልጆች ናቸው።

ባለፈው ሐሙስ፣ የሞተው ሰው ከአውቶቡስ ወረደ።

«ካሤን አሁኑኑ አስረዋለሁ» አለ ኮማንደር ዘበነ ወደ መንገዱ ሲወጡ። «ከሳልስቱ ማግሥት ለዐቃቤ ሕግ እልከዋለሁ። ሚስቱንም አብሬ።»

«መሰረት እኮ እርጉዝ ናት፣ ኮማንደር።»

«ሟቹ መጨረሻ የታየው ከእሷ አጥር ሥር ነው። እርጉዝ መሆኗ ምን ሊያደርግላት ነው?»

«እንግዲያስ እስከ ሳልስቱ ይስጡኝ።»

ኮማንደሩ ዱላውን አገላብጦ አየና ትከሻውን ነቀነቀ። «እስከ ሳልስቱ» አለ።

ካሤ ጣቢያው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ግራ እግሩን ዘርግቷል። ባቱ በነጠላ ቁራጭ ታስሯል።

«ዱላህ የት ነበረች?» አለችው።

«ጓንጉል በር ላይ። ትናንት ከሰዓት ‹ለወንድሜ የእንኳን ደኅና መጣህ› ብሎ ጠርቶን የለ? ሁላችንም ዱላችንን እንደ ደንቡ ከበር አስደግፈን ገባን። እኔ ተናድጄ ስወጣ ረሳኋት።»

«በምን ተናደድክ?»

«በራሴ። ተስፋው ክፉ ቃል አልወጣውም። እኔ ነኝ ‹ሞተህም ከሆነ ሙት፣ ካለህም ለምን ዝም አልክ› ያልኩት። ምን ማለት ነበረብኝ? ሚስቴን ልመልስለት?»

«እግርህስ?»

«የጓንጉል ጎረቤት ውሻ ነው» አለ ካሤ አፍሮ። «በየቀኑ በደጁ አልፋለሁ፤ ዱላዬን ሲያይ ጭራውን ቆልፎ ይተኛል። ትናንት ባዶ እጄን ቢያየኝ ናቀኝ። ተገላገልን ብሎ ነከሰኝ።»

ለተጊዮርጊስ ነጠላውን ፈትታ ቁስሉን አየች። የጥርስ ምልክቱ ደርቋል። ወደ ካሤ ጎረቤት ወደ ባንቺ ቤት ሄዳ ጠየቀች። ባንቺም ገና ሳይመሽ ቁስሉን በጨው አጥባ እንዳሰረችለትና መሽቶ ሰው እስኪተኛ ድረስ እሷ ቤት ተኝቶ ሲያቃስት እንደነበር ነገረቻት። «እንደ ምጥ ነው የጮኸው» አለች ባንቺ። «መሰረት ስትወልድ እንኳ እንደዚያ አትጮህም።»

ዱላ የያዘ ሰው በዚያ ውሻ አይነከስም። ስለዚህ ካሤ ሲወጣ ዱላው አብሮት አልነበረም።

መሰረት አጥሯ ሥር ቆማ ጠበቀቻት። አልቅሳ የደከማት ትመስላለች።

«እዚህ ጋ ነበር የቆመው» አለች። «ሊመሽ ሲል መጣ። አልገባም። እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ አጥሩን እያየ ነው ያናገረኝ።»

«ዱላ ይዞ ነበር?»

«ባዶ እጁን ነበር። ባሕር ላይ ማን ዱላ ይይዛል?»

«ምን አለሽ?»

መሰረት ሆዷን በሁለት እጇ ያዘች። «‹እኔ ከወንበዴ እጅ ሳልወጣ ለማግባት ለምን ቸኮልሽ?› አለኝ። ‹ምን ቸኮልኩ?› አልኩት። ‹ሞምባሳ ወደብ አውርደውን ወዲያው ወደ አገር ቤት ደወልኩ። አግብታለች፣ ብትመጣ ውርደት ነው፣ እዚያው ሥራህን ሥራ ተባልኩ። ለዚህ ነው መርከብ ላይ የቀረሁት› አለኝ። ለቴ፣ ያኔ እኔ ጥቁር ለብሼ መሬት ላይ ተኝቼ ነበር። ካሤን ያገባሁት ሙት ዓመቱን ካወጣሁ በኋላ ነው።»

«ይህንን ነገርሽው?»

«ነገርኩት። ከዚያ ‹መርዶው የተነገረሽ መቼ ነው?› አለኝ። ከትንሣኤ በኋላ አልኩት። ‹እኔም የደወልኩት ከትንሣኤ በኋላ ነው› ብሎ መንገዱን ያዘ።»

«ከዚህ ማን እንዳነጋገረው አልነገረሽም?»

«ጠየቅኩት። ‹ተይው፣ እኔ እጨርሰዋለሁ› ነው ያለኝ።»

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ተስፋው ተቀበረ። ጓንጉል በሁለት ሰው ተደግፎ ቆመ። ፍትሐቱ ሊጀመር ሲል ወደ ቄስ ገብረ ሊባኖስ ጆሮ ጎንበስ ብሎ የሟቹን ስመ ክርስትና ነገራቸው። ቄሱ ቀና ብለው አንድ አፍታ ጓንጉልን አዩት። ከዚያ ጸሎቱን ቀጠሉ። «ወልደ ኪዳን» የሚለው ስም ላይ ሲደርሱ ግን፣ ያን ጸሎት ዕድሜ ልካቸውን የደገሙት ሰው፣ ድምፃቸው ተሰናከለ። ከለቀስተኛው መካከል ይህን ልብ ያለው ሰው አልነበረም። ለተጊዮርጊስ ልብ አለች፤ ለጊዜው ግን ምን እንደሆነ አልገባትም።

በማግሥቱ ወደ ዓለምነህ ሱቅ ሄደች። ዓለምነህ ሳሙና እየደረደረ ነበር፤ ሲያያት እጁ ቆመ።

«ጓንጉል ቤት ተስፋው ያወራውን ንገረኝ። ሁሉንም።»

«ስለ ባሕሩ ነዋ። ቄሱ፣ ካሤ፣ እኔ ነበርን። ‹እናንተ ወንበዴ ስትሉ ጫካ የገባ ሽፍታ ይመስላችኋል፤ ያኛው ንግድ ነው› አለ። ጀልባ ላይ ሆኖ የሚተኩሰው ጎረምሳ የሚደርሰው ትንሽ ነው። ጀልባውን፣ ነዳጁን፣ ጥይቱን የገዛው ሀብታም ከተማ ተቀምጦ ትልቁን ድርሻ ይወስዳል። የባሕር ዳር ነጋዴ ፍየልና ጫት በዱቤ ያቀርባል፤ መርከቡ ሲለቀቅ ሦስት እጥፍ ይቀበላል። ተደራዳሪውም ቋንቋ በመቻሉ ይበላል፣ መርከቡ የቆመበት አገር ሹምም ይበላል። ‹እኔ የምቀቅለው ፍየል እንኳ ባለ ዱቤ ነበረው› አለን።»

«የጦር መርከብ የለም እንዴ እዚያ?»

«ሞልቷል አለ። የዓለም ባንዲራ ሁሉ በሩቁ ያልፋል። ምርኮኛው ይሞታል ብለው አይቀርቡም። ወንበዴ ሲይዙም ማን እንደሚፈርድበት አያውቁም፤ መሣሪያውን ባሕር ውስጥ ጥለው ይለቁታል። ነጋዴው ለኢንሹራንስ ይጨምራል፣ ጭማሪው ደግሞ ዘይት ላይ ይመጣል ሲል ሁሉም ወደ እኔ ዞሮ ሳቀ። ዘይት የማስወድደው እኔ ስለሚመስላቸው።»

«ገንዘቡንስ ማን ከፈለ አለ?»

ዓለምነህ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የመርከቡ ባለቤትና ኢንሹራንሱ። ከአውሮፕላን በዣንጥላ ባሕር ላይ ጣሉት። ለመርከቡና ለሰዉ በአንድነት ነው የሚከፈለው። ‹ወጥ ሠሪ ለብቻው አይሸጥም፤ እኔን ማን ይገዛኛል?› ብሎ ሳቀ። ቄሱ ‹ታዲያ እኛ የላክነው የት ደረሰ?› አሉ። ተስፋው ‹ምን ላካችሁ?› አለ።»

«ማን መለሰለት?»

«ማንም። ቆይቶ ራሱ ‹እዚያም የሚተኩሰው ልጅ አይደለም ወንበዴው፤ ወንበዴው የብስ ላይ ተቀምጦ ስልክ የሚጠብቀው ነው› አለ። ‹እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ፊት ቆሜ እጠይቃለሁ› አለ። ካሤ ቀድሞ ተነሣና በንዴት ክፉ ቃል ተናግሮ ወጣ። እኔና ቄሱ ወዲያው አብረን ወጣን።»

«ስልኩን የምትጠብቀው አንተ አልነበርክም?»

ዓለምነህ የያዘውን ሳሙና አስቀመጠ። «ስልኩ የኔ ነው። ሲደወል ጓንጉልን አስጠርቼ እኔ ከሱቅ እወጣለሁ። የሰው ጭንቀት ቆሞ አይሰማም። የተሰበሰበውንም ሸጬ ያስረከብኩት ለእሱ ነው። አንድ ቀን አናግሮ ሲወጣ እያለቀሰ ‹ወንድሜ ሞተ› አለኝ። ሌላ አላውቅም። ምስክር ግን የለኝም፣ ለቴ። ማን ያምነኛል?»

ጓንጉል ግቢ ውስጥ የለቅሶ ድንኳን ተተክሏል። ጓንጉል ማር የሚነግድበት አይሱዙ ከአጥሩ ጋር ተጠግቶ ቆሟል። ጓንጉል ለተጊዮርጊስን ሲያያት ብድግ አለ።

«አበልጄ፣ ልጄ ደኅና ነው? ሳሉ ተወው?»

«ተወው፣ አበልጄ። እግዜር ያጽናዎት።»

«አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ይቀበራል?» አለና ተቀመጠ። «ጠይቂኝ፤ ሥራሽ ነው።»

«የስልኩን ነገር ማን ያውቃል?»

«ሰው ማማት አልወድም። እኔ የተስፋውን ድምፅ የሰማሁት አንድ ቀን ነው፣ እንደ ተያዙ። የቀረውን የሚነግረኝ ዓለምነህ ነው። ‹ወንበዴዎቹን የሚያውቅ ነጋዴ አዲስ አበባ አለ› ብሎ የተሰበሰበውን የወሰደው እሱ፣ መርዶውን ያመጣልኝም እሱ። ምናልባት እሱንም ያታለለው ሌላ ይሆናል።»

ለተጊዮርጊስ ወጣች። የበሩን ጉበን ስታልፍ ከግድግዳው ላይ የጓንጉል የራሱ ዱላ በችካሉ ላይ ተሰቅሎ አየች። ልቧ ለዓለምነህ ሳይሆን ለአበልጇ እንዲፈርድ ፈለገች። አንድ ቃል ከሌላ ቃል ጋር እኩል ሲሆን ሰው የሚወደውን ማመኑ አይቀርም። ይህንን ስለምታውቅ ወደ ቤቷ አልሄደችም፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደች።

ቄስ ገብረ ሊባኖስ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«አባ፣ በቀብሩ ላይ ድምፅዎ ለምን ተሰናከለ?»

ቄሱ ጢማቸውን ያዙ። «አንቺ ደግሞ የማታዪው የለም። ንስሐ ስላልሆነ እነግርሻለሁ። ግን እስቲ በቀስታ። ልጁ የተጠመቀው ዝቋላ ነው፤ ስመ ክርስትናውን እኔ አላውቀውም።»

«መሰረትም አታውቀውም?»

«ማን ይነግራታል? ስመ ክርስትና ይደበቃል፤ መተት ይሠራበታል ብለው ይፈራሉ። ጓንጉልማ በዚህ ከሁሉ ይብሳል። የልጅሽን ስም ለጎረቤት እንኳ እንዳትነግሪ አላስማለሽም?»

«አስምሎኛል።»

«እንግዲህ በተዝካሩ ጊዜ ጓንጉል ‹ገብረ ማርያም› ብሎ ነገረኝ፤ በዚያው አሰብነው። በቀብሩ ዕለት ግን ‹ወልደ ኪዳን› አለኝ።»

«ቢሳሳትስ?»

«እኔም እንደዚያ ልል ነበር። ነገር ግን ወልደ ኪዳንን አውቀዋለሁ። ከተዝካሩ ማግሥት ጀምሮ ጓንጉል በየወሩ ጧፍ ያመጣልኛል። ‹ሩቅ አገር ያለ ወዳጅ አለኝ፤ ስለ መንገደኞች ስትለምኑ ወልደ ኪዳንን አስቡልኝ› ይለኛል። ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ከሕያዋን ጋር ስጠራው የኖርኩትን ሰው ነው ድንገት በሬሳ ላይ ጥራው የተባልኩት።»

ለተጊዮርጊስ እጇን ወደ አንገቷ ሰደደች። የእናቷ መስቀል የነበረበትን ቦታ በጣቷ ነካችው።

«አባ» አለች በመጨረሻ። «ካሤ ከወጣ በኋላ እርስዎ ሲወጡ ዱላው በር ላይ ነበር?»

«ነበር። መዳቡ ፀሐይ ሲመታው አየሁት። ‹የካሤን ዱላ ላኩለት› ብዬ ለጓንጉል ነገርኩት እኮ።»

በሳልስቱ ጠዋት ድንኳኑ ሞላ። ኮማንደር ዘበነ ካሤን ይዞት መጥቶ ከመሰረት አጠገብ አስቀመጠው። ዓለምነህ ከጥግ ተቀምጧል። የሟቹ አክስት እማሆይ አመተ ሥላሴ ከዝቋላ በእግራቸው ተጉዘው ገና መድረሳቸው ነበር። ለተጊዮርጊስ መሀል ላይ ቆመች።

«ይቅርታ አድርጉልኝ፤ በለቅሶ ላይ የሚባል አይደለም። ግን የታሰረው ሰው ሊላክ ነው። ተስፋውን የመታው ጀርባውን የሰጠው ሰው ነው። ዱላው የካሤ ነው፤ ካሤ ግን ከዚህ ሲወጣ አልያዘውም። የዚህን ጎረቤት ውሻ የምታውቁ የካሤን እግር እዩ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቅ አፈነ።

«ወይ ተስፋው ራሱ ይዞት ወጥቶ ካሤ ቀምቶት ይሆናል» አለ ኮማንደር ዘበነ።

«ተስፋው ከመሰረት አጥር ሲደርስ ባዶ እጁን ነበር። ካሤም ከዚያ በፊት ጀምሮ ሰው እስኪተኛ ድረስ በጎረቤቱ በባንቺ ቤት ተኝቶ እያቃሰተ ነበር። ዱላውን ቄሱ ሲወጡ ከዚህ በር ላይ አይተውታል። ስለዚህ ከዚህ በር ያነሣው ሌላ ሰው ነው፤ ወይ ተመልሶ የመጣ፣ ወይ እዚሁ የቀረ። ዓለምነህ ወይም ጓንጉል።»

ዓለምነህ ዐይኑን ጨፈነ።

«ተስፋው ስለ ሕዝቡ ስጦታ ሊጠይቅ ነበር። ማስለቀቂያ ከእኛ የጠየቀ ወንበዴ አልነበረም። ደግሞም ተፈትቶ፣ ድኖ፣ ከሞምባሳ ደውሏል። ያን ስልክ ያነሣው ሰው ለእሱ ‹ሚስትህ አግብታለች› አለው፤ ለእኛ ‹ሞቷል› አለን። ያ ሰው ተስፋው በሕይወት መኖሩን ያውቅ ነበር። ማን ነው? ሁለቱም ‹እኔ አይደለሁም› ይላሉ።» ወደ አሮጊቷ ዞረች። «እማሆይ፣ ተስፋውን ወደ ጥምቀት የወሰዱት እርስዎ ነዎት። ስመ ክርስትናው ማን ነበር?»

«ወልደ ኪዳን» አሉ አሮጊቷ። «ከተቀበረ በኋላ ምን ይደበቃል?»

«በተዝካሩ ግን የተጠራው ገብረ ማርያም ነው። ስሙን የሰጡት ጓንጉል ናቸው። የተሳሳቱ እንዳይመስላችሁ፤ ከማግሥቱ ጀምሮ ወልደ ኪዳንን ከመንገደኞች ጋር እያሳሰቡ ኖረዋል።» ዐይኗን ከአበልጇ ላይ አነሣች። «በሕያው ሰው ስም ፍትሐት ከተደረሰ ሰውየው አይቆይም ብለን እንፈራለን። ወንድማቸው እንዳይሞት ፈሩ፤ ስለዚህ ጸሎቱን ወደ ሌላ ስም መለሱት። ዓለምነህ ይህን ሊያደርግ አይችልም፤ የትኛውንም ስም አያውቅም። በቀብሩ ዕለትም ‹ገብረ ማርያም› ብለው ዝም ቢሉ ኖሮ የሚያውቅ አልነበረም። ግን ወንድማቸው በሰው ስም እንዲቀበር አልሆነላቸውም።»

ሁሉም ጓንጉልን አየ። ጓንጉል ጉልበቱን እያየ ነበር።

«እሱ ገንዘብ አላለም» አለ። «‹ለመርከቡ ባለቤት ጩኹልኝ› ነው ያለኝ። ይህን ተናግሬ ሳልጨርስ ሰው ፍየል ይዞ መጣ። አልጠየቅኩም። አመጡ፣ ተቀበልኩ። አንዴ ከተቀበልኩ በኋላ ‹ተፈታሁ› ሲለኝ ምን ብዬ ልመልስ? በተሰበሰበው ገንዘብ አይሱዙው ተገዝቷል።»

«እኔንስ?» አለች መሰረት። «እኔን ምን ብለህ መሬት ላይ አስተኛኸኝ?»

ፊቱን ከእሷ ወደ ለተጊዮርጊስ አዞረ። «ከእሷ ዘንድ ሲመለስ መንገድ ላይ ጠበቅኩት። ‹ጋሼ፣ እነዚያ ወንበዴዎች እንኳ የያዙኝ ወንድማቸው ስላልሆንኩ ነው› አለኝ። ከዚያ ጀርባውን ሰጠኝ።»

«የራስዎ ዱላ ከችካሉ ላይ ተሰቅሎ ነበር» አለች። «ለምን የካሤን አነሡ?»

ጓንጉል ሁለት እጁን አስቀድሞ ዘረጋ። ኮማንደር ዘበነ ከካሤ እጅ ላይ ካቴናውን ፈታና ለለተጊዮርጊስ ሰጣት።

ሰው እየተነሣ ወጣ። ማንም «እግዜር ያጽናህ» አላለም። እማሆይ አመተ ሥላሴ ብቻ ከተቀመጡበት አልተነሡም፤ ወዴት እንደሚሄዱ የጠፋቸው ይመስላሉ። መሰረት ቀርባ ክንዳቸውን ያዘችና ወደ ራሷ ቤት ይዛቸው ሄደች።

ለተጊዮርጊስ ካቴናውን ስትቆልፍ ጓንጉል ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ በልጅነታቸው ቋንቋ፣ በኽምጣንጋ ተናገራት።

«አበልጄ፣ የኔን ስም የሚያውቅ ተስፋው ብቻ ነበር። አክስቴ እኔ ስጠመቅ አልነበረችም። እስር ቤት ብሞት ቄሱ በምን ይጠራኛል?»

እንዳትሰማው ፊቷን ማዞር ትችል ነበር። አላዞረችም፤ ለምን እንዳላዞረች ግን እሷም አላወቀችውም። ስመ ክርስትናውን ነገራት።

ጣቢያ ደርሳ ስታስረክበው የተረኛው ፖሊስ ስሙን ጠየቃት።

«ጓንጉል» አለች። ሌላውን አልተናገረችም። ወደ ቤቷ ስትሄድ ልትረሳው ሞከረች፤ በር ላይ ሆኖ የሚጠብቃትን ልጇን አንሥታ ስታቅፈው ግን ሁለቱም ስሞች፣ የልጇና የዚያ ሰው፣ አንድ ላይ መጡባት።